ብይዋ ያልተንከባለለችበት ወለል

ብይዋ አልተንቀሳቀሰችም።

ውሃልክ በሩ ደፍ ላይ እንደተንበረከከ በጣቱ ገፋ አደረጋት። አረንጓዴዋ የመስታወት ብይ የአንድ ሰድር ያህል ሄደችና ቆመች። ወደ ማፍሰሻው ቀዳዳ አልዞረችም፤ ወደ እሱም አልተመለሰችም። ሁለት ሰዓት ሙሉ የለፋበት የመታጠቢያ ቤት ወለል እንደ ጠረጴዛ ተደልድሎ ተዘርግቷል።

“አይደረግም” አለ ለራሱ።

ከመሣሪያ ሳጥኑ ውሃ ልኩን አውጥቶ ሰድሩ ላይ አጋደመው። በመስታወቱ ውስጥ ያለችው አረፋ ከሁለቱ መስመሮች መሃል ቁጭ አለች። ሳሎን ቢሆን ኖሮ የሚያስመሰግን ሥራ ነበር። መታጠቢያ ቤት ውስጥ ግን ደልዳላ ወለል ማለት የማይሄድ ውሃ ማለት ነው። ባለቤቶቹ በሚቀጥለው ሳምንት ሲገቡ፣ ገላቸውን በታጠቡ ቁጥር ኩሬ ውስጥ ቆመው እሱን ይረግሙታል።

ይህ ሰው ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሰድር ሲያነጥፍና ቱቦ ሲቀብር የኖረ ነው። ዓይኑ ብቻውን ከመሣሪያው እኩል ስለሚለካ የሥራ ባልደረቦቹ በመሣሪያው ስም ውሃልክ ብለው ጠሩት፤ ስሙም በዚያው ጸና። በትክክለኛ ስሙ ቢጠሩት ዞር የማይል ይመስላቸዋል።

“ምነው ዝም አልክ?” የሚል ድምፅ ከሳሎን መጣ። “ከጧት ጀምሮ ስታንኳኳ የነበርክ ሰውዬ፣ ሞትክ እንዴ?”

“ሞቻለሁ። ወለሉ ደልዳላ ሆነ።”

“የማን ወለል?”

“የኔ።”

መሰላል ሲንቋቋ ተሰማ። ቀለም ቀቢዋ እትዬ ብሩሽ ሮለሯን እንደያዘች በኮሪደሩ መጣች። ሃምሳ ዓመት አልፏታል፤ ሻሿ ላይ የተረጨው ነጭ ቀለም ነጠብጣብ ጨርቅ አስመስሎታል። ቅዳሜ ስለሆነ ቤቱ ውስጥ ከሁለቱ በቀር ሠራተኛ አልነበረም። አንገቷን አስግጋ ወለሉን አየች፤ ብይዋን አየች።

“የውሃልክ ወለል ደልዳላ ሆነ! ቆይ ሰው ልጥራ፤ ብቻዬን ብናገር ማን ያምነኛል?”

“አትቀልጂብኝ እባክሽ።”

“ምን ነክቶህ ነው?”

“የመለኪያውን ክር ሳስር በሁለቱም ግድግዳ ላይ እኩል ምልክት አድርጌ ነው ያሰርኩት። ከበሩ እስከ ማፍሰሻው አራት ሴንቲ መውረድ ነበረበት። ረሳሁት።”

እትዬ ብሩሽ የኮሪደሩ መስኮት ደፍ ላይ ወደቆመው ስልክ አየት አደረገች። ውሃልክ ኔትወርክ የሚገኝበትን ቦታ ፈልጎ፣ ከቀለም ቆርቆሮ ጋር አስደግፎ አቁሞታል።

“ዛሬም ቅዳሜ ነው ለካ” አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። “ሦስተኛው ነው?”

“ሦስተኛው ነው።”

ከዚያ በላይ አልጠየቀችውም። ታሪኩን ታውቀዋለች።

ሴት ልጁ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ነርሷ እናቷ፣ በአውቶቡስ የአንድ ቀን መንገድ በሚርቅ ከተማ ወዳለ ሆስፒታል ተዛወረች። እሱ፣ “ደንበኞቼን ጥዬ የት እሄዳለሁ?” አለ። ትዳራቸው የተሰነጠቀበት ቀን ይሄ ነው ተብሎ አይጠቀስም፤ ዓይን በማያየው ስሎፕ፣ እንደ ወለል ቁልቁለት፣ ቀስ እያለ ወርዶ ወርዶ፣ አንድ ጧት ሁለት ሻንጣ በር ላይ ቆሞ ተገኘ።

ከዚያ በፊት ቅዳሜ የሁለቱ ነበር። ልጅቷ አብራው ሥራ ቦታ ትመጣና ከደረቀው ሰድር ወደ ደረቀው ሰድር እየዘለለች ትውላለች፤ ፌንጣ ያላት ለዚህ ነው። ወለሉ ሲያልቅ ብይዋን የምትለቀው እሷ ነበረች። ሌላ ሰው እንዲነካት አትፈቅድም። ብይዋ እየተንከባለለች ማፍሰሻው ላይ ስትደርስ፣ “አባዬ፣ ሄደች!” ብላ ትጮኻለች፤ ባዶው ቤት ድምፅዋን ተቀብሎ ይደግመዋል። የሄዱ ዕለት አውቶቡስ መናኸሪያው ውስጥ ብይዋን የሸሚዙ ኪስ ውስጥ ጨመረችለት።

“እኔ ስለማልኖር አንተው ልቀቃት” አለችው።

በዚያው ዕለት እናቲቱ፣ “ትደውልላታለህ አይደል?” ስትለው፣ “የሄደ ነው የሚደውለው” ብሎ መለሰላት። በንዴት የወጣ ቃል ነው። ነገር ግን የተናገረውን ማጠፍ አይሆንለትምና ሕግ ሆኖ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ልክ ስድስት ሰዓት ላይ፣ ፌንጣ በእናቷ ስልክ ትደውላለች። እሱ አንድም ቀን ደውሎ አያውቅም።

መጀመሪያ መጀመሪያ ወሬያቸው አያልቅም ነበር። እየቆየ ግን እያጠረ መጣ። “በላሽ?” “በላሁ።” “ትምህርትስ?” “ጥሩ ነው።” “እናትሽስ?” “ደህና ናት።” ከዚያ በኋላ ሁለቱም ጫፍ ላይ ትንፋሽ ብቻ ይሰማል። ስልኩን ከዘጋ በኋላ ሳምንቱን ሙሉ፣ ሊላት ይችል የነበረውን እያሰበ ሰድር ይቆርጣል። በሚቀጥለው ቅዳሜ ግን ያው “በላሽ?” ነው ከአፉ የሚወጣው።

ከአራት ሳምንት በፊት ሌላ ነገር ተፈጠረ። ፌንጣ ከሰላምታው ቀጥላ፣ “አባዬ፣ አንተ ስሎፕ ታውቃለህ አይደል?” አለችው። “ሂሳብ ላይ ጀመርን፤ አልገባኝም። የመስመር ስሎፕ።”

ውሃልክ የተቀመጠበትን የሲሚንቶ ከረጢት ትቶ ብድግ አለ። ስሎፕ! ከዓለም ነገር ሁሉ አንድ የሚያውቀውን ጠየቀችው። ሃያ ደቂቃ ሙሉ አስረዳት። እሷም “እሺ”፣ “እሺ”፣ “ቆይ ልጻፈው” እያለች ሰማችው። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎት ወደ ቤቱ የገባበትን ጊዜ አያስታውስም።

በሳምንቱ የስልክ ጥሪ አልመጣም። የመጣው ፎቶ ነው፤ ሦስት ጥያቄ ያለበት የፈተና ወረቀት፣ ሦስቱም ላይ ቀይ የኤክስ ምልክት። ከሥሩ ጽሑፍ ነበረው። “አባዬ ተሳስተሃል። መምህሩን አባቴ ሥራው ነው ብዬ ተከራከርኩት። ክፍሉ በሙሉ ሳቀብኝ።”

ከዚያ በኋላ ሁለት ቅዳሜ አለፈ። ስልኩ አልጮኸም።

“እንግዲህ ፈንቅለው” አለች እትዬ ብሩሽ። “ሲሚንቶው ሳይጠነክር።”

ውሃልክ የግንበኛ ማንኪያውን አንስቶ ከማፍሰሻው በኩል ጀመረ። የመጀመሪያውን ሰድር ከሥሩ ሲያነሳው እርጥቡ ሲሚንቶ ጡጵ የሚል ድምፅ አወጣ። ሃያ አራት ሰድር ነው። ሦስቱን ካነሳ በኋላ ቆም አለ።

“እትዬ፣ ያ መጽሐፍሽ ዛሬ አለ?”

“ከሰዓት በኋላ ክፍል አይደል ያለኝ? የት ይሄዳል?”

እትዬ ብሩሽ ቅዳሜ ቅዳሜ የጎልማሶች ትምህርት ትማራለች፤ ስምንተኛ ክፍል ደርሳለች። ለምን እንደምትማር ለጠየቃት ሁሉ መልሷ አንድ ነው፤ “ሦስት ልጅ አስመረቅኩ፤ የቀረሁት እኔ ነኝ።”

“ስሎፕ የሚለውን አውጪልኝ” አለ። “መምህሩ መሳሳቱን ማየት እፈልጋለሁ። እንዲያው ያ ሰውዬ በዕድሜው አንድ ቱቦ ቀብሮ ያውቃል?”

እትዬ ብሩሽ ቀለም እንዳይነካው በጋዜጣ የለበደችውን መጽሐፍ ይዛ መጣች፤ ባዶ የቀለም ባልዲ ገልብጣ በሩ አጠገብ ተቀመጠችበት።

“እኔም እዚህች ገጽ ላይ ነው ዓምና የወደቅኩት” አለች እያገላበጠች። “ይኸው። መጽሐፉ ‘ተዳፋት’ ይለዋል፤ ያው ስሎፕ ነው። መጀመሪያ ያንተን ንገረኝ። ለፌንጣ ምን አልካት?”

“ያለውን ነዋ። ርዝመቱን ለኪ፤ ስንት እንደወረደ ለኪ፤ ርዝመቱን ለወረደው አካፍዪ። ሃምሳ ከመጣ መታጠቢያ ቤት ነው፤ ሃምሳ ሴንቲ ስትሄጂ አንድ ትወርጃለሽ። አርባ ከመጣ የፍሳሽ ቱቦ። አሥራ ሁለት ከመጣ የዊልቸር መወጣጫ። አለቀ።”

“መጽሐፉ ተገላቢጦሹን ነው የሚለው። ከፍታው የተለወጠውን ለአግድሙ ርዝመት አካፍል ይላል።”

“ለምን? ያው ሁለት ቁጥር አይደለም እንዴ? የላዩን ከታች፣ የታቹን ከላይ ማድረግ ምን ጥቅም አለው?”

“እኔ ነኝ እንዴ የጻፍኩት? ምን ትጮህብኛለህ!” መጽሐፉን ጭኗ ላይ አስቀምጣ አሰበች። “ቆይ፤ መምህራችን ያሉት ነገር አለ። ‘አንድ እርምጃ ወደ ጎን ስትሄዱ ስንት ትወጣላችሁ? ስሎፕ ማለት ይሄ ነው’ ብለውናል።”

“እኔ ደግሞ አንድ ለመውረድ ስንት እሄዳለሁ ነው የምለው።”

“ይኸውልህ! አንተ ሌላ ጥያቄ ነው የምትመልሰው።”

ውሃልክ አራተኛውን፣ አምስተኛውን ሰድር አነሳ። ከሥራቸው ያለውን ሲሚንቶ እየላገ ወደ ባልዲ ጨመረ።

“የትኛው ይበልጥ ያዘነብላል?” አለች እትዬ ብሩሽ፤ አሁን እሷም ነገሩ ገብቷት ነበር። “የፍሳሽ ቱቦው ነው የዊልቸሩ መወጣጫ?”

“መወጣጫው ነዋ።”

“ቁጥሩ ስንት ነው?”

“አሥራ ሁለት።”

“የቱቦውስ?”

“አርባ።”

“ስለዚህ አንተ ጋ፣ ባዘነበለ ቁጥር ቁጥሩ ያንሳል።”

“ያንሳል። ሁልጊዜ።”

“እነሱ ጋ ይጨምራል።”

“ይጨምር! ልማድ ነው። እኔ ሃያ ሁለት ዓመት በዚህ ስሠራ አንድ ሰው ውሃ አቆረብኝ አላለኝም።”

“እሺ። ይሄ ዛሬ ጧት የሠራኸው ጉድስ? እስኪ ስሎፑን አውጣልኝ።”

“ይሄማ ቀላል ነው። ርዝመቱ ሁለት ሜትር። የወረደው . . .” ማንኪያው እጁ ላይ ቆመ። “የወረደው ዜሮ። ሁለት መቶን ለዜሮ . . .”

“አይካፈልም” አለች እትዬ ብሩሽ። “ይቺን እንኳ አውቃታለሁ። ለዜሮ አይካፈልም።”

ውሃልክ ተረከዙ ላይ ቁጢጥ እንዳለ ሳጥኑ አጠገብ ያለውን ውሃ ልክ አየው። አረፋዋ መሃል ላይ ናት።

“አንተ አረፋዋ እንደዚህ መሃል ስትሆን ምን ትላለህ?”

“ዜሮ ነው እላለሁ።”

“በመጽሐፉ አስላው እንግዲህ። ዜሮን ለሁለት መቶ።”

“ዜሮ” አለ ቀስ ብሎ።

በዕድሜው ሙሉ ሲለካው የኖረው፣ ስሙ የወጣለት ነገር ደልዳላነት ነው። በራሱ ስሌት ግን ደልዳላ የሚባል ቁጥር አልነበረም። ይህን አለማወቁ ሥራው ላይ አንድም ቀን ጎድቶት አያውቅም፤ ደልዳላ ወለል የማፍሰሻ ሂሳብ ምን ያደርግለታል? ልጁን ግን ጎዳት። የጥቁር ሰሌዳው ሥር ቆማ ታየችው፤ ከሁለት ዓመት በፊት በተሸኘችበት ቁመቷ ነው የታየችው፣ አሁን ምን ያህል እንደረዘመች አያውቅማ። “አባቴ ሥራው ነው” ስትል፣ ክፍሉ ሲስቅ፣ እሷ ጣቷን አውርዳ ስትቀመጥ። የመሳሳቱ ነገር ያን ያህል አላቃጠለውም። ያቃጠለው፣ በዚያ ሁሉ ልጅ መሃል ብቻዋን እሱን ደግፋ መቆሟ ነው።

“ትክክል ናቸው” አለ።

“እነማን?”

“የፌንጣ መምህር። ትክክል ናቸው።”

እትዬ ብሩሽ፣ “ቅድም ‘ያ ሰውዬ’ ስትላቸው አልነበር እንዴ?” ልትል አፏን ከፈተች። ፊቱን አይታ ተወችው።

ሰድሮቹን በሙሉ አነሳ። የማፍሰሻውን አንገት አራት ሴንቲ ቆረጠው፤ ክሩን ፈትቶ፣ በበሩ በኩል እንደነበረ ትቶ በማፍሰሻው በኩል አውርዶ አሰረው። የሰድሮቹን ጀርባ እየጠረገ እንደገና ማንጠፍ ጀመረ። እትዬ ብሩሽ ወደ ግድግዳዋ ተመለሰች። በመሃል በመሃል ግን ውሃልክ ኪሱ ውስጥ ያለውን እርሳስ ያወጣና፣ ተርፎ ኮሪደሩ ጥግ ላይ በተደገፈ ነጭ ሰድር ላይ ይጭራል። ከስልኩ ላይ የፌንጣን ፈተና አውጥቶ ሁለተኛውን ጥያቄ እየሠራ ነበር። አንድ መስመር በሁለት ነጥብ ያልፋል። የመጀመሪያው ነጥብ ወደ ጎን ሁለት፣ ወደ ላይ ሰባት ነው፤ ሁለተኛው ወደ ጎን ስድስት፣ ወደ ላይ አምስት።

“እትዬ! ሁለትን ለአራት፤ ግማሽ መጣ!”

“መስመሩን ሥለኸዋል?” አለች ከሳሎን።

“ሥያለሁ።”

“ወዴት ነው የሚሄደው?”

ውሃልክ ሰድሩን አየ። መስመሩ ከግራ ወደ ቀኝ ቁልቁል ይወርዳል። “ይወርዳል።”

“መልስህ ግን ይወጣል እያለ ነው። የሚወርድ ከሆነ ከፊቱ የመቀነስ ምልክት መኖር አለበት። በዚህ አያያዝህ ውሃውን ሽቅብ ልትሰደው ነው!”

“ምኑ ላይ ነው የሳትኩት?”

መጣች፤ አጎንብሳ አየችና በቀለም የተለወሰ ጣቷን ሰድሩ ላይ አሳረፈች። “እዚህ ላይ፣ ከሰባት አምስት ስትቀንስ ከመጀመሪያው ነጥብ ነው የተነሳኸው። እዚህ ደግሞ፣ ከስድስት ሁለት ስትቀንስ ከሁለተኛው ተነሳህ። አደባለቅከው። ላዩን ከጀመርክበት፣ ታቹንም ከዚያው ጀምር።”

“ከየትኛው ነው የሚጀመረው ታዲያ? ከግራው?”

“ከፈለግከው። ለውጥ የለውም።”

“እንዴት ለውጥ አይኖረውም?”

“ሞክረዋ።”

ሞከረው። ከአንደኛው ጫፍ ተነሳ፤ የመቀነስ ግማሽ መጣ። ምንም እንዳላየ ሆኖ ከሌላኛው ጫፍ ተነሳ፤ የመቀነስ ግማሽ መጣ። ያላመነ ይመስል እንደገና ከመጀመሪያው አሰላው። ከዚያም እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰክቶ፣ መስኮቱ ላይ የቆመውን ስልክ ለረጅም ጊዜ አየው።

ስድስት ሰዓት ሊሆን አምስት ደቂቃ ቀርቶት ነበር።

ስድስት ሰዓት ሆነ። ውሃልክ ሰድር እያነጠፈ ጆሮው ግን መስኮቱ ላይ ነበር። ስድስት ሰዓት ከአምስት። ከታች መንገድ ላይ መኪና ጥሩምባ ነፋ፤ የሆነ ሰው ጎረቤቱን ተጣራ። ስድስት ሰዓት ከሩብ። እትዬ ብሩሽ እጇን ታጥባ ባልዲዋ ላይ ተቀመጠች፤ ዳቦዋን ለሁለት ቆርሳ ግማሹን ሰጠችው። ተቀብሎ አጠገቡ አስቀመጠው።

“ደውልላት” አለችው።

“የሄደ ነው የሚደውለው።”

“ማነው ያለው?”

“እኔ።”

“አንተ ጧትም ይሄን ወለል እንዲህ ይሁን ብለህ አንጥፈኸው ነበር።”

ውሃልክ ወደ ወለሉ አጎነበሰ። የመጨረሻውን ሰድር አስገብቶ በማንኪያው እጀታ መታ መታ አደረገው። ጠርዙን በእርጥብ ጨርቅ ጠረገ። ከሸሚዙ ኪስ ብይዋን አወጣና በሩ ደፍ ላይ ተንበርክኮ፣ ሳይገፋት፣ ዝም ብሎ ለቀቃት።

ብይዋ መጀመሪያ የምታመነታ መሰለች። ከዚያ ቀስ እያለች፣ ከዚያም ፈጠን እያለች ተንከባለለች። የአንዱን ሰድር ጠርዝ በተሻገረች ቁጥር ጠቅ ጠቅ የምትል ትንሽ ድምፅ አላት፤ ድምፅዋ ከሰድር ወደ ሰድር እየተከታተለ ሄደ። “ሄደች!” የሚል ጩኸት የሚጠብቅ ይመስል ውሃልክ ትንፋሹን ያዘ። የሚጮህ አልነበረም። ብይዋ በቀጥታ ማፍሰሻው ጋ ደረሰችና ክዳን ባላደረገበት፣ ጨርቅም መወተፍ በረሳበት ቀዳዳ ውስጥ ገባች። ከውስጥ ቡጭ የሚል ድምፅ ተሰማ።

ውሃልክ ወደ ቀዳዳው ጎንበስ አለ።

“ሲፎኑ ውስጥ፣ ከሥር ባለው የቱቦ እጥፋት ላይ ናት” አለች እትዬ ብሩሽ ቶሎ ብላ። “የትም አትሄድም። በካቻቢቴ ፍታውና አውጣት፤ አምስት ደቂቃም አይፈጅብህ።”

“አውቃለሁ።”

እጁ በራሱ ጊዜ ወደ መሣሪያ ሳጥኑ ሄዶ ካቻቢቴውን ያዘ። ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ወለል በጨረሰ ቁጥር፣ ያቺን ብይ ለቆ ያቺን ብይ እያነሳ ወደ ኪሱ ሲመልስ ኖሯል። ሌሊት ልብሱን ሲያወልቅ ኪሱን ይዳብሳል። ብይዋ እስካለች ድረስ አንድ ነገር በእጁ ያለ ይመስለው ነበር። ካቻቢቴውን ይዞ ትንሽ ቆየ። ከዚያ መልሶ ሳጥኑ ውስጥ ጣለው፤ ተነሥቶ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገና መስኮቱ ላይ ያለውን ስልክ አነሳ።

ቁጥሩን ያውቀዋል። ደውሎበት ግን አያውቅም። ሦስት ጊዜ ጠራ።

“ሃሎ?” አለች የፌንጣ እናት። ከዚያ ድምፅዋ ተለወጠ። “አንተ ነህ? ምን ሆንክ? ታመህ ነው?”

“አልታመምኩም። ደህና ነሽ?”

“ደህና ነኝ። ሥራ ላይ ነህ?”

“ሥራ ላይ ነኝ። ፌንጣ አለች?”

“አለች። እዚሁ ናት።” ስልኩ በእጅ ሲሸፈን ተሰማ፤ ቢሆንም የልጅቷ ድምፅ አለፈ። “እሱ ነው የደወለው? እሱ ራሱ?” “አዎ፣ ራሱ ነው። እንኪ አናግሪው።”

ስልኩ እጅ ለወጠ።

“አቤት” አለች ፌንጣ። አባዬ አላለችውም።

“በላሽ” የሚለው ቃል ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጠው።

“ተሳስቻለሁ” አለ። “ስሎፑን። መምህርሽ ትክክል ናቸው።”

“አውቃለሁ። ሦስቱንም እንደገና ሠርቼ አስገባሁ።”

“ራስሽ?”

“ራሴ።”

ውሃልክ ነጩን ሰድር አየ። ከጧት ጀምሮ ሊነግራት ያጠራቀመው ሁሉ እዚያ ላይ ተጭሯል፤ አንዱም አላስፈለጋትም። ደስ ሊለው ይገባ ነበር።

“ሁለተኛው እኔም ዛሬ ወጣልኝ” አለ። “ሦስተኛው ግን አልገባኝም። መስመሩ ቀጥ ብሎ የቆመ ነው፤ አግድሙ ዜሮ ሆነብኝ። ምንድን ነው መልሱ?”

ስልኩን ጆሮው ላይ አጥብቆ ያዘው።

“የእውነትህን ነው?” አለች።

“እውነቴን ነው። ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆምኩት፤ ታውቂያለሽ።”

“መልስ የለውም። ለዜሮ አይካፈልማ። ቀጥ ብሎ የቆመ መስመር ስሎፕ የለውም፤ እንደ . . .” ፈለገች። “እንደዚያ በክር እንደምታንጠለጥለው ነገርህ።”

“እንደ ቱንቢ?”

“አዎ! እንደ ቱንቢ። ወደ ጎን አንድም እርምጃ አይሄድም፤ ታዲያ ‘አንድ ስትሄድ ስንት ትወጣለህ’ ተብሎ እንዴት ይጠየቃል? ገባህ?”

“ገባኝ። በኔ ስሌት ግን ዜሮ ነበር የሚመጣው። እዚያ ላይ እንኳ ይሠራል።”

“አባዬ! እሱን ጽፌ እኮ ነው ሦስተኛውን የወደቅኩት!”

ሳቀች። እሱም ሳቀ። በሩ አጠገብ እትዬ ብሩሽ ዳቦዋን ማኘክ ካቆመች ቆይታለች።

“የት ነህ አሁን? ወለል ጨረስክ?” አለች ፌንጣ።

“ጨረስኩ። ሁለት ጊዜ።”

“ብይዋስ? ለቀቅካት?”

ሊዋሻት ይችል ነበር። “ለቀቅኳት” አለ። “ክዳኑን ሳላደርግ። ፍሳሹ ውስጥ ገባችብኝ።”

አንድ የሚያውቀው፣ ባዶ ቤት ውስጥ ሲያስተጋባ የኖረ ድምፅ በስልኩ ወጣ።

“ሄደች! ስሎፑ ትክክል ነው ማለት ነዋ!”

ውሃልክ ወደ ግድግዳው ዞረ። እርጥብ ቀለም መሆኑን ረስቶ በክንዱ ተደገፈው። “ትክክል ነው” አለ። “አወጣታለሁ። ሲፎኑ ውስጥ ናት።”

“እሺ።” ከኋላዋ እናቷ የሆነ ነገር አለቻት። “ልሂድ አባዬ፤ እማዬ ልትወጣ ነው፣ ስልኩን ትፈልገዋለች። ቅዳሜ እደውልልሃለሁ። እሺ?”

“አይ” አለ።

“ምነው?”

“እኔ እደውላለሁ።”

“የሄደ ነው የሚደውለው ትል አልነበር?”

ለካ መናኸሪያው ውስጥ ሰምታዋለች። ሁለት ዓመት ሙሉ ይህን ቃል ይዛ ነው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ልክ ስድስት ሰዓት ላይ ስትደውል የኖረችው። ውሃልክ ነጩን ሰድር ከጥጉ አንሥቶ ብብቱ ሥር ያዘው።

“እሱንም ተሳስቻለሁ” አለ። “ከዚህ ጫፍ እንነሳ። ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ላይ ስልኩ አጠገብ ሁኚ።”